ፍራንክፈርት አዲስ ነኝ፤ ገበያ የምትወጡት የት ነው?

አዲስ_ገቢ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ፍራንክፈርት ከገባሁ አራት ወሬ ነው። ለሥራ ነው የመጣሁት። እስካሁን ምግብ የምገዛው ቤቴ ሥር ካለው ሱፐርማርኬት ነው። ገብቼ፣ መርጬ፣ ከፍዬ አንድ ቃል ሳልተነፍስ እወጣለሁ። ዓርብ ከሥራ ከወጣሁ እስከ ሰኞ ጠዋት ከሰው ጋር ሳላወራ የማሳልፍበት ሳምንት አለ።

አዲስ አበባ እያለሁ ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር ሾላ ገበያ እንወጣ ነበር። ሽንኩርት የምንገዛት ሴትዮ ስሜን ታውቃለች። ትምህርት ጨረስሽ ወይ፣ መቼ ነው የምታገቢው ትለኛለች። ምርቃት ሳትጨምር አታሰናብተንም። የናፈቀኝ ሽንኩርቱ ብቻ አይደለም።

ያለፈው ቅዳሜ ታዲያ ክላይንማርክትሃለ የሚባለውን የተሸፈነ ገበያ አየሁት። ከዛይል ጎዳና ጀርባ፣ ሃዘንጋሰ ላይ ነው። ስገባ ሽታው ብቻ አስደነገጠኝ። ትኩስ ቅጠል፣ አይብ፣ ዓሣ፣ ቅመም፣ አበባ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ሰው ቆሞ ያወራል፣ ይስቃል። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ዓይነት ቦታ እዚህ ከተማ ውስጥ መኖሩን አላወቅሁም ነበር።

አንድ አይብ ላይ 3 ዩሮ ከ20 ተጽፎ አየሁ። ርካሽ ነው ብዬ ግማሽ ኪሎ አዘዝኩ። ሻጯ ቆርጣ ሚዛን ላይ አስቀመጠችና ፈገግ ብላ «ዳርፍስ አይን ቢስሽን ሜር ዛይን?» አለችኝ። ከዚያ ውስጥ የገባኝ «ትንሽ» እና «ተጨማሪ» የሚሉት ብቻ ነው። ምርቃት ልትሰጠኝ መሰለኝ። ልቤ ሞቀ። «ያ፣ ያ፣ ዳንከ!» አልኳት። 18 ዩሮ ገደማ ከፈልኩ። 3 ከ20 ለካ የ100 ግራም ዋጋ ነበር።

የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም። እዚህ አገር ምርቃት የሚሰጥ ሰው አገኘሁ ብዬ የተደሰትኩት ነገር ነው። ግን መመለስ እፈልጋለሁ። እባካችሁ፣ እናንተ የት ነው የምትገዙት? በየትኛው ቀን? ቅመምስ? ቆስጣ የሚባል ነገር አለ?

የማይን_ዳር · ሰኞ ማታ

እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። እኔ እዚህ 19 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴን አስታወስሽኝ።

ሻጯ አላታለለችሽም። አይብና የተቆረጠ ሥጋ ሲሆን ዋጋው የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በ100 ግራም ነው። ያለችሽም «ከጠየቅሽው ትንሽ ቢበልጥ ችግር አለው?» ነው። በቢላ ሲቆርጡ ልክ አይመጣላቸውም፤ ስለዚህ ይጠይቃሉ። «ናይን፣ ቢተ ገናው» ማለት ትችያለሽ፤ ልክ ይሁን ማለት ነው። ማንም አይቀየምሽም። ሌላው ደግሞ «ፉንድ» ሲሉሽ ግማሽ ኪሎ ነው። «አይን ፉንድ ቶማተን» ብለሽ ሂጂ። አንድ መደብ ቲማቲም እንደማለት ነው፣ እሱ ግን ይመዘናል።

ደግሞ በእጅሽ አትምረጪ። እኛ ጉልት ላይ ቲማቲሙን እየጨበጥን ነው የምንመርጠው። እዚህ ሻጩ ነው የሚያነሳልሽ። የምትፈልጊውን ንገሪው፦ ለዛሬ ነው፣ ለነገ ነው፣ ለወጥ ነው በይው። ለዚያ የሚሆነውን ይመርጥልሻል። ይህን ማወቅ ለእኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ላይ አላመኑኝም ብዬ ከፍቶኝ ነበር።

ምርቃት የለም ያልሽው ግን ልክ አይደለም። አለ፤ ብቻ ለማያውቁት አይሰጡም። አንድ ሰው ምረጪና በየሳምንቱ ከእሱ ብቻ ግዢ። እኔ ከአንድ ድንች ሻጭ ስገዛ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አሁን ፐርሰሜሎ ሳልጠይቀው ይጨምርልኛል። ባለፈው ክረምት ታምሜ ሁለት ሳምንት ስቀር፣ ስመለስ «የት ጠፋሽ? ሰጋሁ» አለኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ክላይንማርክትሃለን ውደጂው፤ ታሪክ ያለው ቤት ነው። የመጀመሪያው አዳራሽ በ1879 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። በ1944 በቦምብ ወደመ። አሁን የምናየው በ1954 የተሠራው ነው። ዓሣው ምድር ቤት ነው። እሑድ ዝግ ነው፣ እንደ ሌላው ሁሉ።

ቆጣቢው · ሰኞ ሌሊት

ከእትዬ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ክላይንማርክትሃለ ለማየትና ለመቅመስ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ ግን ከዚያ ከገዛሽ ደመወዝሽ አይበቃሽም። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ።

ሁለት ቦታ ልንገርሽ። አንደኛው ባንሆፍ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለው ሙንሸነር ሽትራሰ ነው። የቱርክ፣ የህንድ፣ የአፍሪካ፣ የእስያ ሱቅ ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ምስር፣ ክክ፣ ሽንብራ፣ ዝንጅብል በጅምላ ዋጋ ታገኛለሽ። ሁለተኛው ጎረቤት ከተማ ኦፈንባህ፣ ቪልሄልምስፕላትስ ላይ የሚቆመው ገበያ ነው። ማክሰኞ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው። በኤስባን፣ በከተማው ባቡር ማለቴ ነው፣ ትንሽ መንገድ ነው። አደባባዩ ላይ የማትሰሚው ቋንቋ የለም። ሊዘጋ ሲል ከሄድሽ ዋጋ ይጥላሉ፤ «አንድ ሳጥን በዚህ ውሰዱ» ብለው ይጮኻሉ። መርካቶ ትዝ የሚለኝ ያኔ ነው።

የማይን_ዳር · ማክሰኞ ጠዋት

ቆጣቢው ያለው እውነት ነው፤ እኔም ምስርና ክክ ከአዳራሹ አልገዛም። አትክልት ከሆነ ግን ኮንስታብለርቫኸ የሚባለው አደባባይ ሂጂ። እዚህ ሰው «ኮንስቲ» ነው የሚለው። ሐሙስና ቅዳሜ ገበሬዎቹ ራሳቸው ያመረቱትን ይዘው ይመጣሉ። ሐሙስ በፈረንጅ ሰዓት ከ10 እስከ 20፣ ቅዳሜ ከ8 እስከ 17 ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አስበሽ እንዳትሳሳቺ፤ እኔ አንዴ ሁለት ሰዓት ሲሉኝ ማታ መስሎኝ ቀርቻለሁ።

ቆስጣ አለ። ማንጎልድ ይባላል፤ ራሱ ነው። ጎመን ደግሞ ክረምት ጠብቂ። ግሩንኮል የሚሉት ቅጠሉ የተጨማደደ ጎመን ከኅዳር ጀምሮ ይመጣል። ውርጭ ከመታው በኋላ ይጣፍጣል ይላሉ፤ እኔም አይቼዋለሁ። በደንብ ክተፊው፣ ረዘም አድርገሽ ቀቅዪው። አሁን ግንቦት ስለሆነ ሁሉም ሰው ነጩን አስፓራገስ ነው የሚገዛው። ሽፓርገል ይሉታል። እስከ ጁን 24 ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው ማሳውን ያሳርፈዋል።

የባልትና_ልጅ · ማክሰኞ ከሰዓት

ቅመም የጠየቅሽውን እኔ ልመልስ። እናቴ የባልትና ውጤቶች ትሸጥ ነበር፤ ይሄ ጉዳይ ይመለከተኛል።

ትልቁ ችግር ስሙ ነው። በጀርመንኛ «ኩመል» የሚባለው የእኛ አዝሙድ አይደለም። ዳቦና ጎመን ውስጥ የሚያደርጉት ሌላ ፍሬ ነው። እኔ መጀመሪያ እሱን ገዝቼ ዶሮ ወጤን አበላሽቻለሁ። ጥቁር አዝሙድ የምትፈልጊ ከሆነ «ሽቫርትስኩመል» በይ። ቱርኮቹ «ችሬክ ኦቱ»፣ ህንዶቹ «ካሎንጂ» ይሉታል። ነጭ አዝሙድ ህንድ ሱቅ «አጅዋይን» ነው። አብሽ በጀርመንኛ «ቦክስሆርንክሌ»፣ በህንድ «ሜቲ»። እርድ «ኩርኩማ» ነው፣ የትም አለ። ተልባ «ላይንዛመን» ይባላል፣ በየሱፐርማርኬቱ ርካሽ ነው። ጤና አዳም ደግሞ በጸደይ ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ «ራውተ» ብለሽ ጠይቂ። እኔ በረንዳዬ ላይ አለኝ። ቡና ሲፈላ ጎረቤቶቼ ምንድነው ብለው ይጠይቁኛል።

ኮረሪማ ግን አትተኪው። ህንድ ሱቅ ያለው ሄል ነው፤ አረንጓዴውም ጥቁሩም ኮረሪማ አይሆንም። እሱን፣ በሶብላንና ኮሰረትን ከሐበሻ ሱቅ ወይም ከአገር ቤት አስመጪ። ቃሪያ የቱርኮቹ ቀጭኑ «ሲቭሪ» ለስንግ ይሆናል። ሽንኩርትም ቢሆን የዚህ አገር ትልቁ ቢጫ ውኃ ይበዛዋል። ለወጥ ሻሎት የሚሉት ትንሹ ሽንኩርት ይሻላል፤ ውድ ነው፣ ለበዓል ግን ያወጣል።

ቆጣቢው · ማክሰኞ ማታ

ሽሮስ? እኔ የህንዱን የሽንብራ ዱቄት በበርበሬ ነው የምሠራው። ልጆቹ ይበሉታል።

የባልትና_ልጅ · ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ እሱ ጥሬ ዱቄት ነው። የእኛ ሽሮ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ነው የሚፈጨው። ቢያንስ ዱቄቱን በደረቅ መጥበሻ እያማሰልክ ቁላው፤ ጥሬ ሽታው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ይቀርባል። ለልጆቹም ብትሆን እውነተኛው ሽሮ ምን እንደሚመስል አንዴ አሳያቸው።

ሹፌሩ · ማክሰኞ ሌሊት

የሥጋ ነገር ስላልተነሳ እኔ ላንሳው፤ አደራ የምለው ነገር አለኝ። አንድ ጠዋት ለሥራ ስንወጣ አንድ ዳቦ ቤት ቆምን። ዳቦ ላይ የተቀባ ቀይ ጥሬ ሥጋ አየሁ፣ ሽንኩርት ተነስንሶበታል። ክትፎ! ብዬ ገዛሁ። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው የሥራ ባልደረባዬ የነገረኝ። «ሜት» ይባላል፤ የአሳማ ሥጋ ነው። ጥሬ የአሳማ ሥጋ። ያን ቀን ምንም አልበላሁም።

ስለዚህ ሦስት ቃል ያዢ። «ሪንድ» የበሬ፣ «ሽቫይን» የአሳማ፣ «ላም» የበግ ነው። አዎ፣ ላም ሲሉ በግ ነው፤ እሱም ያሳስታል። የተፈጨ ሥጋ ላይ «ገሚሽት» የሚል ካለ አሳማ ተቀላቅሎበታል። «ሽማልትስ» ብቻውን ከተጻፈም የአሳማ ስብ ነው፤ «ቡተርሽማልትስ» ግን የተነጠረ ቅቤ ነው። ለክትፎ ልኳንዳ ቤት ገብተሽ «ታታር» በይ። ስቡ ከ6 በመቶ የማይበልጥ የበሬ ሥጋ ነው። ለዛሬ ነው፣ ጥሬውን ነው የምበላው በያቸው፤ በዚያው ቀን ብዪው።

የፍራንክፈርት ቋሊማ መቅመስ ከፈለግሽ ደግሞ «ሪንድስቩርስት» አለ። ከበሬ ሥጋ ነው የሚሠራው። ግሬፍ ፎልሲንግስ የሚባሉት ልኳንዳዎች ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠሩታል፣ ሃናወር ላንድሽትራሰ ላይ። እኔ ምሳ ሰዓት አንዳንዴ ቆሜ እበላለሁ።

አዲስ_ገቢ · ረቡዕ ጠዋት

ይህን ሁሉ ባቡር ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ማቆሚያዬን አልፌ ሄጃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንድ፦ አይብ ከምን ትሠራላችሁ? ሁለት፦ እናቴ በሰው ቅቤና ቋንጣ ልትልክልኝ ነው። ይገባል?

የማይን_ዳር · ረቡዕ ጠዋት

አይገባም፣ ንገሪያት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት የተከለከለ ነው። ቅቤውንም ቋንጣውንም ኤርፖርት ላይ ወስደው ይጥሉታል። የእናት ልፋት ሲጣል ማየት ያማል፤ እኔ አይቻለሁ። በርበሬ፣ ሽሮና ደረቅ ቅመም ትላክልሽ።

ቅቤውን እዚሁ አንጥሪ። ማንኛውም ቅቤ ይሆናል፣ ቅመሙ ከአገር ቤት ይምጣ እንጂ። አይቡን ደግሞ «ቡተርሚልሽ» ግዢ፤ አሬራ በይው። ለስለስ ባለ እሳት ጣጂው። አታማስዪ፣ አታፍዪ። ውኃው ሲለይ በነጠላ ጨርቅ አጥልዪው። ከአገር ቤቱ ብዙም አይለይም።

ጀበና · ረቡዕ ከሰዓት

የቡና ነገር ያልተነሳ ክር አይቼ ማለፍ አልችልም።

ጀርመን የቡና ቀረጥ የሚባል አላት። በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2 ዩሮ ከ19 ነው። ጥሬ ቡና ላይ የለም። ስለዚህ ቤት የምትቆላ ሰው ጥሬውን ትግዛ፤ ሐበሻ ሱቅ አለ፣ አንዳንድ ቡና ቆይዎችም ከጠየቅሻቸው ጥሬውን ይሸጡልሻል። ኮርንማርክት ያለው ቫከርስ ከ1914 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ሁሌም ሰው ቆሞ ይጠጣል። ሰልፉ ውስጥ መቆሙ ራሱ ደስ ይላል። «ሲዳሞ» የሚል ጽሑፍ በፈረንጅ ፊደል ሳይ አሁንም ደረቴ ይሞላል።

ቡናውን ስትቆዪ ግን መስኮት ክፈቺ። የጢስ ማንቂያው ይጮኻል። ጎረቤትሽን ቀድመሽ ጥሪያት፤ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ካሉት ባልና ሚስት ጋር የተዋወቅሁት እንደዚያ ነው።

ቆጣቢው · ረቡዕ ማታ

እንጀራን ረሳን እኮ! የጤፍ ዱቄት ባዮ በሚባለው የተፈጥሮ ምግብ ሱቅ አለ፣ ግን ውድ ነው። ኢትዮጵያ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለች ቆይታለች፤ እዚህ የምናየው ብዙው ኔዘርላንድና ስፔን የበቀለ ነው። ሐበሻ ሱቅ የተጋገረ እንጀራ አለ። ባለሱቁን እንጀራው የሚገባበትን ቀን ጠይቂው፤ በማግስቱ ከሄድሽ ለስላሳው አልቋል።

የባልትና_ልጅ · ረቡዕ ማታ

ኔዘርላንድ ካልክ አይቀር፣ አንድ የዚያ አገር ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ ነበር። የእናቶቻችንን ዱቄት! የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ውድቅ አደረገው። ያን ቀን እኔ በደስታ ጋግሬያለሁ። አዲስ ገቢ፣ አንቺም ቤት መጋገር ጀምሪ። በክረምት ሊጡ ቶሎ አይቦካም። ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጪው፣ አራት ቀን ታገሺው።

አዲስ_ገቢ · እሑድ ከሰዓት

ሄድኩ። ትናንት ሄድኩ!

ጠዋት ኮንስቲ ደረስኩ። እትዬ እንዳሉት አንድ ሰው ልምረጥ ብዬ ሁሉንም ዞርኩ። አንዲት ቅጠል የምትሸጥ ሴት ነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ደርድራለች። ምንድነው አልኳት። «ግሪ ዞስ» አለችኝ። የፍራንክፈርት አረንጓዴ ሶስ ነው። ሰባት ዓይነት ቅጠል አንድ ላይ ነው የሚሸጠው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው አለችኝ፤ በዚህ ስም የሚሸጠው ቅጠል ፍራንክፈርትና አካባቢዋ የበቀለ መሆን አለበት። የእሷ ከኦበርራድ ነው፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ካለው ሰፈር።

ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ እሷ ግን ወረቀቱን ፈታ አንድ በአንድ አሳየችኝ። ፐርሰሜሎውን አወቅሁት። አንዱ ኮምጣጣ ቅጠል ነው። አንዷ ግን ትንሽ፣ ቀጭን አገዳ ያላት ነች። «ክረሰ» አለችኝ። ቀመስኩት። አፍንጫዬን ነካኝ። ይሄንን አውቀዋለሁ አልኩ። የት እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ማታ ፈልጌ አገኘሁት፤ ፌጦ ነው! አያቴ ጓዳ በብልቃጥ የምታስቀምጠው ፌጦ። እኛ ፍሬውን ለመድኃኒት፣ እነሱ ቅጠሉን ለሶስ። በልጅነቴ ሆዴን ባመመኝ ቁጥር የጠላሁት ነገር ትናንት እዚህ ከተማ መሃል አፌ ውስጥ ገባ። አያቴን አየኋት ማለት ይቀለኛል።

ቤት ገብቼ እንዳለችኝ ሠራሁት። ቅጠሉን በደቃቁ ከትፌ፣ ከጎምዛዛ ክሬም ጋር፣ ከተቀቀለ ድንችና እንቁላል ጋር። ትንሽ ቃሪያ ጨመርኩበት፤ ለሴትየዋ አልነግራትም። ጎረቤቴን ጠራኋት። አራት ወር ደረጃ ላይ ሃሎ ብቻ ስንባባል ነበር። ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። እናቷ እንዴት እንደምትሠራው ነገረችኝ፤ እናቷ እንቁላሉን ፈጭታ ነው ሶሱ ውስጥ የምትጨምረው።

ከኮንስቲ ማንጎልድም ገዛሁ። ሻጩ «ዳርፍስ አይን ቢስሽን ሜር ዛይን?» አለኝ። «ቢተ ገናው» አልኩት። ሳቀና በልኩ መዘነልኝ። አንድ ቅጠል ግን ከሚዛኑ ውጭ ከረጢቴ ውስጥ ጨመረ። ለማያውቁት አይሰጡም ብለውኝ ነበር እትዬ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በፈረንጅ 10 ሰዓት ቅጠል ሻጯ ጋ ነኝ። የሚመጣ ካለ ይምጣ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ እንጀራውን ልሞክር ነው፣ እርሾ ከየት ላምጣ?

ቆጣቢው · እሑድ ማታ

እኔ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ ኦፈንባህ እወስድሻለሁ፣ እስኪ ዋጋውን አወዳድሪ።

የማይን_ዳር · እሑድ ማታ

እኔም አለሁ ልጄ። እርሾውን በጠርሙስ አድርጌ አመጣልሻለሁ። ቤትሽ ስትገቢ ክዳኑን ላላ አድርጊው፤ አጥብቀሽ ከዘጋሽው ይፈነዳል።